ከሟች የተረፈ መድኃኒት ውርስም ሰደቃም አይደለም

(ኮዬ ፈጬ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲሞች በተሰበሰብን ቁጥር የምንነጋገረው በአብዛኛው ስለ ወርሃዊ ድጎማ፣ ስለ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቁርኣን ትምህርትና ስለ ዒድ ልብስ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ቡፌ ላይ፣ በየኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥና በየፍራሹ ሥር ተቀምጦ ስለሚገኝ፣ ነገር ግን በስብሰባዎቻችን እምብዛም ስለማይነሳ ጉዳይ ለመናገር ቆመናል። ይኸውም ወላጅ በሕመም ላይ ሳለ ታዘውለት፣ እርሱ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚቀሩ ጠንካራ መድኃኒቶች ነው። እናታቸውን ወይም አባታቸውን የቀበሩ ልጆች፣ በዚያው ወላጅ መድኃኒት ምክንያት ታናሽ ወንድማቸውን ዳግመኛ እንዳይቀብሩ ማድረግ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።

የምንለው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። መድኃኒት ለታዘዘለት ሰው ብቻ የተሰጠ አማና ነው። ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ተቆልፎ ይጠበቃል፤ ሲሞት ደግሞ አማናው ስላበቃ ወደ ሰጠው ክፍል ይመለሳል ወይም በአግባቡ ይወገዳል። ለወራሽ አይከፋፈልም፣ ለጎረቤት አይታደልም፣ ለየቲምም በሰደቃ ስም አይሰጥም።

እነዚህ መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?

በሕግ አነጋገር «ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች» የሚባሉት ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ለካንሰር ሕመምተኞችና ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡት ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል፤ ለሳልና ለሕመም የሚሰጠው ኮዴይን፤ ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለመንቀጥቀጥ የሚሰጡት ዳያዜፓምና ክሎናዜፓም፤ እንዲሁም በአገራችን የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ፌኖባርቢታል ይገኙባቸዋል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላለው፣ በብዛት ሲወሰድም ትንፋሽን ስለሚያዳክምና መንፈራገጥን ስለሚያመጣ፣ በቤት ውስጥ ከእነዚሁ ጋር ተቆጥሮ ሊጠበቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እንዳይፈጠር እንፈልጋለን። ቁጥጥር ይደረግባቸዋል ማለት ክፉ ናቸው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ራሱ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ እጅግ አስፈላጊ መሆናቸውን አስቀድሞ ካረጋገጠ በኋላ ነው ቁጥጥሩን የደነገገው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ሞርፊንን አካቶታል። በአዲስ አበባም እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ጽኑ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኙ ስቃያቸውን ለማቅለል ሲደክሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘለትን ማስታገሻ «ሱስ ይሆንብሃል» ብሎ ከሕመምተኛ ላይ መከልከል በደል ነው። የእኛ ንግግር መድኃኒቱ ለባለቤቱ እንዳይደርስ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ላልሆነ እንዳይደርስ ነው።

ቁጥጥሩ ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሞርፊንና መሰሎቹ በመጠን ሲወሰዱ ሕመምን ያስታግሳሉ፤ ከመጠን ሲያልፉ ግን አንጎል ሳንባን «ተንፍስ» ብሎ የሚያዝበትን ኃይል ያዳክማሉ። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ ትንፋሹ ይቀንሳል፤ ከዚያም ይቆማል። ከዳያዜፓም ወይም ከፌኖባርቢታል ጋር ሲደባለቁ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ለአዋቂ ሕመምተኛ፣ በተለይም ሰውነቱ ለለመደው፣ ልክ የሆነው መጠን ለሦስት ዓመት ሕፃን የሞት መጠን ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሳ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች በአገራችን በተራው የሐኪም ማዘዣ ሳይሆን ለየራሳቸው በተዘጋጀ ማዘዣ ይሰጣሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህንኑ ቁጥጥር ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 እነዚህን ነገሮች ያለ ፈቃድ ማዘዋወርን በወንጀልነት ያስቀጣል።

እንግዲህ መንግሥት በፋርማሲ ውስጥ በቁልፍ አስቀምጦ፣ በመዝገብ ቆጥሮ የሚያስረክበው ነገር እኛ ቤት ሲደርስ ቴሌቪዥን ላይ ይቀመጣልን?

በሕይወት ሳለ፦ ቁልፍና ቁጥር

የኮዬ ፈጬ ኑሮ ለዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። በጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ብዙ ቤተሰብ በአንድ መኝታ ቤት ተጠጋግቶ ይኖራል። የጎረቤት ልጆች በደረጃው ሲወጡና ሲወርዱ ከቤት ቤት ይገባሉ። ለሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው መንገዱ ስለሚረዝምበት የሚበቃውን ያህል አንድ ጊዜ ይዞ መመለስን ይመርጣል። በመሆኑም በጠባብ ቤት ውስጥ፣ በብዙ ሕፃናት መካከል፣ ብዙ መድኃኒት ይቀመጣል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆቻችንን እንድንሰበስብ፣ ዕቃዎቻችንን እንድንከድን፣ በሮቻችንን እንድንዘጋና ከመተኛታችን በፊት መብራቱን እንድናጠፋ አስተምረውናል። ቤትን ከአደጋ መጠበቅ ከዲናችን ውጭ የሆነ ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በዚሁ መንፈስ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለመድኃኒቱ ጓጉንቸር የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ይዘጋጅለት። ከፍ ያለ ቦታ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ ወንበር ስቦ ይወጣልና። ሳጥኑ ከምግብ ጋር አይቀመጥ፤ ከፀሐይ፣ ከምድጃ ሙቀትና ከመታጠቢያ ቤት እርጥበትም ይራቅ። ቁልፉ በአንድ አዋቂ ሰው እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥ። በተለይ ፈሳሽ ሞርፊን በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። የተጠማ ልጅ ጠርሙስ ሲያይ ይጠጣል እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ፍሬውንም «ከረሜላ ነው» እያልን ለልጅ አንስጥ፤ ዛሬ ለማባበል የተናገርነውን ነገ ብቻውን ሲሆን ይሠራበታል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ደብተር ላይ የመጣው ቁጥር፣ የተወሰደው ቁጥርና የቀረው ቁጥር ይጻፍ። ፋርማሲ የሚያደርገውን እኛም በትንሹ ማድረግ እንችላለን። ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር ወዲያውኑ ይታወቃል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ወጣቶች ባሉበት ቤት ይህ ደብተር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለፈተና ጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ ብሎ ከእናቱ ዳያዜፓም አንድ ሁለት ፍሬ መውሰድ የጀመረ ወጣት ሳይርቅ እንዲመለስ ያደርጋልና። ይህን የምናደርገው ልጆቻችንን ሌባ ብለን ጠርጥረን ሳይሆን ከፈተና ልንጠብቃቸው መሆኑንም እንንገራቸው።

አራተኛ፣ ጽኑ ሕመምተኛዋን እናት የምታስታምመው የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ በሆነችበት ቤት ቁልፉን ለእርሷ ብቻ መተው አይገባም። እርሷም ልጅ ናትና። አክስት፣ አጎት፣ ካልተገኘም የታመነች ጎረቤት ቁልፉን ትያዝ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ መጥታ ትስጥ። ሐኪሙንም በአንድ ጊዜ ለአጭር ቀናት የሚበቃ ብቻ እንዲያዝልን እንጠይቀው፤ የመመላለሻው ወጪ ከተከበደ ለጋሾቻችን የትራንስፖርቱን ገንዘብ ቢሸፍኑ ታላቅ ሥራ ነው።

ከጀናዛ በኋላ

ሞት በቤት ውስጥ በገባ ጊዜ ስለ መድኃኒት የሚያስብ የለም። ቤቱ በተዕዚያ ሰው ይሞላል፤ ዕቃ ይነሳል፤ ፍራሽ ይዘረጋል፤ ቤተዘመድ ልጆቹን ይዞ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የሟች ሳጥን ሳይቆለፍ የሚያድረውም በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ ጀናዛው በወጣ ዕለት፣ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት፣ አንድ የታመነ ዘመድ መድኃኒቶቹን ሁሉ ሰብስቦ እንዲቆልፍ ይመደብ። ባሏ የሞተባት እናት በዒዳ ላይ ስለምትሆን ከቤት ወጥታ እንድትመልስ አንጠብቅባት፤ ይህን የወንድሟ ወይም የማኅበራችን ሥራ እናድርገው።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው በቅን ልቦና «እኔም ወገቤን ያመኛል፣ ለሟች ሰደቃ እንዲሆንላት ስጡኝ» የሚል ጎረቤት ነው። ሁለተኛው «በውድ የተገዛ ነው፣ መጣል ብክነት አይሆንም ወይ?» የሚል ዘመድ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ልጅቱ ራሷ ናት። በአንድ የቤት ጉብኝታችን ላይ እናቷ ካረፈች ወራት ካለፉ በኋላ የእናቷን የሞርፊን ጠርሙስና የክኒን ካርዶች በነጠላ ጠቅልላ ያስቀመጠች ልጅ አግኝተናል። ልጅቱ መድኃኒቱን ፈልጋው አልነበረም። የእናቷ ስም የተጻፈበት፣ እናቷ በመጨረሻ የነካችው ዕቃ ስለሆነ መለየት ከብዷት ነው። የታናሽ ወንድሟ መኝታ ግን ከዚያው ሥር ነበር። እኛም ስሙ የተጻፈበትን ወረቀትና መድኃኒት ስትሰጥ ሰዓቱን የምትጽፍበትን ደብተር ለራሷ እንድታስቀር፣ መድኃኒቱን ግን ከአጎቷ ጋር እንድትመልስ ተማክረን አደረግነው። ለኀዘን ቦታ መስጠት ይገባል፤ ለመርዝ ግን አይገባም።

ለጎረቤቱ የምንመልሰው መልስ ደግሞ ይህ ነው። የሐኪም ትእዛዝ የታሰበው በአንድ ሰው ክብደት፣ ኩላሊትና ሕመም ልክ ነው፤ ለሌላው ሰው ያው ፍሬ መድኃኒት ላይሆን ይችላል። ለዘመዱም እንዲህ እንለዋለን፦ ጉዳትን ለማስወገድ የወጣ ነገር እንደባከነ አይቆጠርም፤ ገንዘቡ ሕመምተኛዋን ባስታገሰባቸው ሌሊቶች ሥራውን ጨርሷል። ለዝርዝሩ ዑለሞቻችሁን ጠይቁ፤ እኛ መምህራን እንጂ ሙፍቲዎች አይደለንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር። ይህ ሁሉ የሟችን መድኃኒት የሚመለከት ነው። በቤቱ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ኖሮ የራሱን ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ፣ እርሱ ከሟች መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ እንዳይሄድ። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን አብዝቶ በመቀስቀስ ለሕይወት ያሰጋል።

ለለጋሾቻችን

የተከበራችሁ ለጋሾች፣ ከቤታችሁ የተረፈ መድኃኒት «ለየቲሞች ይሁን» ብላችሁ የምታመጡ እንዳላችሁ እናውቃለን። ንያችሁን አላህ ይቀበለው፤ መድኃኒቱን ግን መቀበል አይገባንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ነገር ለይተን እንዳንለግስ አዞናል። በየቲም ንብረት ላይም መጥፎውን በጥሩው ቦታ እንዳንተካ በሱረቱን ኒሳእ አስጠንቅቆናል። በማን ቤት፣ በምን ሙቀት እንደቆየ የማይታወቅ መድኃኒት ለራሳችን ልጅ አንሰጥም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው የመድኃኒት እርዳታ መመሪያ፣ አንድ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት በእርዳታ መልክ እንዳይሰጥ ደንግጓል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ እንዲገነዘቡልን እንለምናለን። በሻንጣ የሚላክ ጠንካራ ማስታገሻ ለላኪውም ለአምጪውም በሕግ ያስጠይቃል። በአሜሪካ የምትኖሩት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ የተረፈ መድኃኒት የሚሰበሰብበት አገር አቀፍ ቀን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የተረፋችሁን እዚያው መልሱ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የፌንታኒል ፋሻ ደግሞ ተለጥፎ ከተነሳ በኋላም ብዙ መድኃኒት በውስጡ ይቀራል፤ በዚያው አገር ሕፃናት አንስተው ለጥፈውት ወይም አፋቸው ውስጥ ከተውት ሕይወታቸው አልፏል። ለየቲም መድኃኒት ማዋጣት የፈለገ ገንዘቡን ይስጥ፤ ማኅበራችን በልጁ ስም በተጻፈ ማዘዣ፣ ከፋርማሲ፣ በደረሰኝ ቢገዛለት አጅሩም ሙሉ፣ ልጁም ደኅና ይሆናል።

እንዴት ይወገድ?

የመጀመሪያውና የተሻለው መንገድ መመለስ ነው። መድኃኒቱን በመጣበት ዕቃ እንዳለ፣ ከሕክምና ካርዱ ወይም ከማዘዣው ቅጂ ጋር ይዞ ወደ ሰጠው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የፋርማሲውን ኃላፊ «ሕመምተኛው አርፏል፤ ይህን እንድታስወግዱልን አምጥተናል» ማለት ነው። የተመለሰውን ቁጥር በደብተሩ ላይ ጽፎ የተረካቢውን ፊርማ መያዝ መልካም ነው። መልስ ላጣ ሰው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

መመለስ ፈጽሞ ካልተቻለ ክኒኑን ሳይፈጩ ከቡና አተላ ወይም ከአፈርና ከአመድ ጋር ደባልቆ፣ በላስቲክ አጥብቆ አስሮ፣ በሌላ ዕቃ ከትቶ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማስረከብ ይቻላል። የሟች ስም የተጻፈበት ወረቀት ተነስቶ ይቀመጥ ወይም ይቀደድ። መደባለቁ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የከተማችን ቆሻሻ በሰው እጅ የሚነካ ስለሆነ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ «ቆሼ» የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ወገኖቻችን ባለቁበት ጊዜ፣ ከዚያ ክምር ለቅመው የሚተዳደሩ ስንት ሰዎች እንደነበሩ አገር አይቷል። ሙሉ የክኒን ካርድ እንዳለ የጣለ ሰው፣ ከራሱ ልጅ አርቆ ለሌላው ልጅ እንደሰጠው ይቁጠረው።

መድኃኒትን በቤት ወይም በግቢ ማቃጠል አይገባም፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ጎጂ ጭስ ያወጣል። በልቅሶ ቤት ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ መጸዳጃ ቤት መድፋትም ልማድ ሊሆን አይገባም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም አትክልት ይለማል፣ ከብት ይጠጣል። እርግጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደ ሞርፊንና ፌንታኒል ያሉትን በጣም አደገኛ ጥቂት መድኃኒቶች ለይቶ፣ የሚመልሱበት ካጡ በውኃ እንዲለቁ ይፈቅዳል። ምክንያቱም አንድ ልጅ አግኝቶት ወዲያው የመሞቱ አደጋ በውኃው ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ስለሚበልጥ ነው። ይህም ከሁለት ጉዳቶች ከባዱን ለመከላከል ቀላሉን መሸከም ከሚለው የፊቅህ መርሕ ጋር የሚስማማ ነው። ቢሆንም ይህ የመጨረሻ አማራጭ ስለሆነ በፋርማሲ ባለሙያ ምክር ይሁን።

አደጋ ከደረሰስ?

ልጁ መቀስቀስ እስኪያቅት ከተኛ፣ ትንፋሹ ከቀነሰ ወይም ካንኮራፋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ «ይተኛና ይለቀዋል» አይባልም። አታስታውኩት፤ ወተትም ሆነ ቡና አታጠጡት። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቅርቡ የጤና ተቋም ሩጡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ምልክት ባይታይም እንኳ መዋጡ ከታወቀ መሄድ ግድ ነው፤ አንዳንዱ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ይመጣልና። እንደ ሞርፊን ያሉትን የሚያከሽፍ ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ለደረሰ ነው። ቁጣን ፈርቶ የደበቀ ልጅ ሳይናገር ሊሞት ስለሚችል፣ «ብትውጥም ንገረኝ፣ አልቆጣህም» ብለን አስቀድመን ቃል እንግባላቸው።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ በኋላ ቤት ለቤት የሚሄዱ የማኅበራችን ጎብኚዎች ስለ ትምህርትና ስለ ቀለብ ሲጠይቁ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጨምሩ ሐሳብ እናቀርባለን፦ በቤቱ ጠንካራ መድኃኒት አለ ወይ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሟች መድኃኒት ተመልሷል ወይ? ለጋሾችም ጽኑ ሕመምተኛ ላለበት ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሳጥንና አንድ ጓጉንቸር ብታዋጡ፣ ዋጋው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ነፍስን የሚያህል ሰደቃ ይሆናል። ዛሬ ማታም እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንገባ የቡፌውን መሳቢያ ከፍተን እንይ።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለሟቾቻችን ይዘንላቸው፤ የቲሞቻችንንም ከምናውቀውና ከማናውቀው አደጋ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።